ስትመረቁ ማንን ሳታመሰግኑ ቀራችሁ?

ሰኔና ሐምሌ የጋውን ወር ነው። ቴሌግራሙም ፌስቡኩም በተመራቂ ፎቶ ተጥለቅልቋል። በየሰፈሩ አጥር ላይ ባነር ተሰቅሏል። እኔም በዚሁ ሰበብ የድሮ የምረቃ መጽሔታችንን ሳገላብጥ አንድ ነገር ገረመኝ። በየፎቶው ሥር ያለውን ላስት ወርድ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ከዚያ እማዬና አባዬ፣ ከዚያ የዶርም ልጆች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀልድ። ክፋት የለውም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ደግፎ ያቆመን ስንት ሰው ነበር! አንዱም እዚያ ላይ የለም።

ስለዚህ ይቺን ክር፣ ማለትም የመወያያ ርዕስ፣ ከፈትኩ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ልታመሰግኑት ሲገባ ሳታመሰግኑት የተመረቃችሁት ሰው ማን ነው? አስከትዬም አንዲት ነገር ወረወርኩ። የምረቃ ምስጋናችን ፎቶ ላይ አብሮን ለሚቆም ሰው ብቻ ነው አልኩ። ክሩን ያጋጋለችው ይቺ ናት። መልሱ ስለበዛ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ላውራላችሁ፤ መላሾቹን የምጠራቸው በመልሳቸው ቁጥር ነው። አንዳንዱን ዘልያለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ ብቻ ብሎ የሄደው ብዙ ነው።

2 ቁጥር ነርስ ናት። ሰላምታዋን በወጉ አድርሳ ነው የጀመረችው። አታችመንት ወጥታ ሆስፒታል ስትውል የምሳ ሰዓት ያልፍባታል። ካፌ ውስጥ ወጥ የሚያወጡ አንዲት እናት ድርሻዋን በሳህን ከድነው ያስቀምጡላት ነበር። ደንቡ አይፈቅድም። ኃላፊው ቢያይ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን እስከዛሬ አታውቅም፤ ተማሪው ሁሉ እትዬ ነበር የሚላቸው። ከተመረቀች በኋላ ለዶክመንት ጉዳይ ወደ ግቢው ተመልሳ ጠይቃ ነበር። ጡረታ ወጥተዋል ተባለች።

3 ቁጥር የእሷን ይዞ ወደ ሂሳብ ገባ። ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የሚመደበው 15 ብር ሆኖ ለዓመታት እንደቆየ አስታወሰን። ቁርስም ምሳም እራትም በ15 ብር። ሽሮው ቀጠነ፣ ዳቦው ደረቀ እያልን ስንጮህ ያቺን ብር የሚያብቃቁት እነዚያው ሴቶች ነበሩ አለ። 4 ቁጥር አይደለም 22 ብር ነው ብሎ ሊያርመው ሞከረ። ሁለቱን ያስታረቃቸው 6 ቁጥር ነው። 15 የቀደመው ነው፣ ኋላ 22 ሆነ፣ በ2017 ደግሞ 100 ብር ገባ አለ። ወዲያው አንድ የዘንድሮ ተማሪ ብቅ ብሎ በ100 ብሩም ሽሮው ያው ነው ብሎን ሄደ። ገበያ የሚወጣ ሰው አይገርመውም።

5 ቁጥር ላይ ቆም አልኩ። ልጁ በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ የተማረ ነው። ወርሃዊ ክፍያውን የምትልክለት ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ነበረች። እሷ ከ8ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። የምረቃው ቀን አዳራሽ ውስጥ ስልኩን ከፍ አድርጎ በኢሞ ሊያሳያት ይሞክራል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ስሙ ሊጠራ ትንሽ ሲቀረው እመቤቷ ጠራቻትና ስልኩን ዘጋችው። መጽሔቱ ላይ የጻፈው መላው ቤተሰቤን አመሰግናለሁ የሚል ነው። የእህቱን ስም ለብቻው ያላወጣበት ምክንያት አለው። አባቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብለው አውርተው ነበር። እሳቸውን ማሳፈር አልፈለገም።

ከዚህ በኋላ እህቶች መጡ። 7 ቁጥር ቤሩት፣ 8 ቁጥር ኩዌት፣ 9 ቁጥር ዱባይ። ክሩ ለጥቂት ጊዜ የአረብ አገር እህቶች መታሰቢያ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ከሦስቱ 8 ቁጥር ጠንከር ያለች ናት። ራሷ ኩዌት የነበረች፣ ሁለት ወንድሞቿን ያስመረቀች። ምስጋናው አይደለም የቸገራት። ስትመለስ ወንድሞቿ በእንግሊዝኛ እየተቀላለዱ፣ እሷ ቡና እያፈላች መስማቷ ነው ያንገበገባት። ለ5 ቁጥርም ፊት ለፊት ጥያቄ አቀረበችለት፤ እህትህ ስትመለስ ምን አደረግክላት? መላው ቤተሰቤን ከሚለው ቃል በላይ ማለቷ ነው። ልጁ በ11ኛው መልስ ላይ ተመልሶ መጣ። እህቱ ገብታለች፣ ጁስ ቤት ከፍተውላታል፣ የመጀመሪያውን ኪራይ የቻለው እሱ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ያቋረጠችውን ትምህርት ጀምራለች አለ። 8 ቁጥር አበጀህ አለችው። እኔም ተነፈስኩ።

10 ቁጥር አንጋፋ ሰው ናቸው፤ አንቱ ብያቸዋለሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማሩት። ያኔ ዲግሪ ከመያዝ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ግዴታ ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ አስተማሪ ሆኖ ይመደባል። እሳቸው ወለጋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ደረሰቻቸው። ምግብ ማብሰል አይችሉም። የተማሪዎቻቸው ወላጆች ይሄን ሲያዩ እንጀራውን ከነወጡ በየተራ ይልኩላቸው ጀመር፤ ዓመቱን ሙሉ። ኋላ ስድስት ኪሎ ተመልሰው ተመረቁ። ዲግሪውን በእጃቸው የሰጧቸው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ፎቶው እስካሁን ሳሎናቸው ተሰቅሏል። እንጀራ የላኩላቸው ሰዎች ግን አንድም ፎቶ የላቸውም። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር የወረወርኩትን እሳቸው በደንብ አስረዱልኝ።

12 ቁጥር በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ፣ ይሄ የእድገት በኅብረት ዘመቻ አይደለም ወይ አለ። 13 ቁጥር ለየለት። ዘመቻው ደርግ በ1967 ያወጀው ነው። ተማሪውንና አስተማሪውን በአንድ ላይ ወደ ገጠር ያዘመተው ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ግን ከዚያ ዐሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ የተጀመረ ነው። አንጋፋው ሰው እርማቱን አመስግነው አንድ ነገር ጨመሩ። ምደባው ሲደርሳቸው አልተደሰቱም፤ እንደ ግዞት ነበር ያዩት፤ ሲሄዱም እያጉረመረሙ ነው። ምስጋናው የመጣው በኋላ ነው። ይሄን በማለታቸው ወደድኳቸው። ብዙ ሰው ያለፈውን ሲያወራ ያን ጊዜም ደስ ብሎት እንደነበር ያስመስላል።

ጸቡ የተነሳው 14 ላይ ነው። ሰውየው በአጭሩ ለማንም ውለታ የለብኝም ባይ ነው። ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ውል) ፈርሜያለሁ፣ ተቆርጦብኛል፣ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ኦርጅናል ዲግሪዬን ወስጃለሁ፤ ምን ቀረብኝ? እትዬዋም ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። እዚህ ላይ 2 ቁጥር ምን እንደተሰማት መገመት ትችላላችሁ። 15 ቁጥር ኮስት ሼሪንግ ኢሕአዴግ በገባበት ዓመት ነው የተጀመረው ብሎ የራሱን ፖለቲካ ሊከፍት ሲል 16 ቁጥር አቆመው። ደንቡ የወጣው በ1995 ነው፤ ከዚያ በፊት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ ነበር። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንደሚከፍልም አስረዳ።

17 ቁጥር ግን ውሉን አውጥታ አነበበችለት ማለት ይቻላል። ተማሪው የሚጋራው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ነው። ከማስተማሪያው ወጪ ግን 15 በመቶውን ብቻ። እንግዲህ 85ቱን ማን ከፈለው? ሌክቸረሩን፣ ላብራቶሪውን፣ መብራቱን? ሳሙና ሲገዛ ቫት የሚከፍለው ሰው ነው አለች፤ የአንተን ግቢ በር እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው። 14 ቁጥር ተናደደ። ያ ሰው ራሱ ይጠይቀኝ፣ በእሱ ስም አትነግዱ አለ። ከዚያ ወዲህ የተባባሉትን አልደግመውም። ሁለቱም የተማሩ ናቸው፣ አልመሰለም እንጂ።

እኔ እዚህ ላይ ገባሁ። 14 ቁጥር ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ብዬ አላምንም። ውለታ እያሉ ሰውን የሚያስሩ አሉ። ያስተማርንህ እኛ ነን ተብሎ ደመወዙን የተቀማ፣ እምቢ ባለበት ቀን ውለታ ቢስ የተባለ ልጅ አውቃለሁ። መንግሥትም ቢሆን አስተምሬሃለሁና ዝም በል የማለት መብት የለውም። ነገር ግን ምስጋና ደረሰኝ አይቆረጥለትም። እትዬ ደመወዝ የተከፈላቸው ሳህን ላይ ወጥ ለማውጣት ነው። ሳህኑን ከድኖ ለማስቀመጥ ማንም አልከፈላቸውም። ይሄን ጻፍኩና ብዙ ላይክ አገኘሁ፤ 14 ቁጥር ብቻ የሳቅ ምልክት አደረገበት።

18 ቁጥር ጨዋታውን በሌላ በኩል አበላሸው። ማበላሸቱ ተገቢ ነበር። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቋል፤ በጥሩ ውጤት። ሥራ ፍለጋ ቦርድ ላይ ማስታወቂያ ሲያነብ ሁሉም የሥራ ልምድ ይላል። አሁን የሰው መኪና ይዞ ራይድ ይሠራል። እናንተ ማንን ላመስግን ትላላችሁ፣ እኔ ምኑን ላመስግን ነው ያለው። እናቱ በግ ሸጠው ሌላ በግ አርደውለታል፣ ባነሩ ሳሎን ውስጥ እስካሁን አለ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ኢንጂነር ልጄ እያሉ ያስተዋውቁታል። ያ ባነር እንዲወርድለት ይፈልጋል፤ ግን እናቱን እንዴት ይበላቸው?

19 ቁጥር ነገሩን ከልጁ ትከሻ ላይ ሊያወርድለት ሞከረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተብሎ በፖሊሲ ሲመደብ፣ ያን ሁሉ ኢንጂነር የሚቀጥር ኢንዱስትሪ በዚያው ልክ አልተሠራም ነበር። ጥፋቱ የአንተ አይደለም አለው። 20 ቁጥር ደግሞ ሰነፍ ሰው ሰበብ አያጣም፣ ኮብልስቶን ጠርበው ያደጉ አሉ ብሎ መጣ። ሰባት ሰው ተረባረበበት፤ ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ። 18 ቁጥር ቆይቶ ሲመለስ ግን ቁጣው በርዶለት ነበር። ሥራ ባያገኝም የሚያመሰግነው ሰው አለው፤ የዶርም ተቆጣጣሪያቸውን፣ ፕሮክተሩን። መብራት በጠፋባቸው የፈተና ሳምንታት ጄኔሬተር ያለበትን ሕንጻ ሌሊት ከፍቶ ለጥናት (ስፔስ) የሚያስገባቸው እሱ ነበር። አመስግኖም ይማረራል፤ ተማሮም ያመሰግናል። እኔ ሁለቱ አይጣሉብኝም።

22 ቁጥር ሌክቸረር ነው፣ ቅሬታ ይዞ ነው የመጣው። እዚህ ድረስ ካነበበው ውስጥ አንድም ሰው መምህሩን አላነሳም አለ። እውነቱን ነው! ካፌ ተነሳ፣ ፕሮክተር ተነሳ፣ ኩዌት ተነሳ። መጽሔት ላይም ቢሆን ተማሪው የሚያመሰግነው ሃንድአውት ሶፍት ኮፒ የላከለትን ልጅ ነው። እሱ ግን በአንድ ሴሚስተር የብዙ ተማሪ ጥናት ያማክራል፣ ሌሊት ረቂቅ ያነባል፣ ከገጽ 12 በኋላ ከኢንተርኔት የተገለበጠ መሆኑን እያወቀ አስተካክል ብሎ ይመልሳል። 23 ቁጥር ጨከነበት። የእኛው አድቫይዘር ቢሮው ተቆልፎ ነው የሚያማክረን፣ ክፍል ሲመጣም ስላይድ ያነብልናል አለ። ሌክቸረሩ መልስ አልሰጠም። በእሱ ፈንታ የመለሰችው 2 ቁጥር ነበረች፤ አናቶሚ ያስተማሯት መምህር ትምህርቱ ያልገባቸውን ቅዳሜ ጠርተው በነጻ ደግመው ያስተምሯቸው እንደነበር ነገረችን። እኔም ለምን እስካሁን ዝም እንዳልን ገረመኝ።

24 ቁጥር ዶርም ዶርም በሉ እንጂ እኛም ተመርቀናል ብሎ ገባ። የኤክስቴንሽን ተማሪ ነበር። ቀን ታክሲ ላይ ረዳት፣ ማታ ክፍል። የሚያመሰግነው የሚሠራበትን ሚኒባስ ሾፌር ነው። ፈተና ባለ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻውን እየነዳ፣ ሒሳብም ራሱ እየሰበሰበ፣ ለልጁ የሙሉ ቀን ድርሻውን ይሰጠው ነበር። ሾፌሩ ምረቃው ላይ በሚኒባሱ ቤተሰቡን ጭኖ መጥቷል። ፎቶውንም ያነሳው እሱ ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ የለም።

25 ቁጥርን አጠር ላድርገው፣ ግን አትዝለሉት። ከደቡብ ኢትዮጵያ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመደበች ልጅ ናት። እዚያ ለአዲስ ተማሪ የከተማው ነዋሪ ቤተሰብ የሚሆንበት የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ፕሮጀክት አለ። መጀመሪያ አፍራ ነበር፣ የሰው ቤት በዓል መዋል ከብዷት። የምረቃዋ ቀን ወላጆቿ መንገዱ ረዝሞባቸው፣ አስጊም ሆኖባቸው ሳይመጡ ቀሩ። የቃል ኪዳን እናቷ ድፎ ዳቦ ተሸክመው መጡ፤ እልልታውንም እሳቸው አቀለጡት። በስልክ ከወላጅ እናቷ ጋር ሲያወሩ ሁለቱም የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ሁለቱም ግን እየደጋገሙ ስሟን ይጠሩ ነበር።

26 ቁጥር መቀሌ የተማረች ናት። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ለመመረቅ ጥቂት ነበር የቀራት። ከሁለት ዓመት በላይ ደብተር አልገለጠችም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ግቢው ሲከፈት ተመልሳ ጨረሰች። ማንን እንደምታመሰግን ስታስብ በሕይወት መትረፍ ይቀድምባታል፤ አብረዋት ያልተመለሱ የክፍል ልጆች አሉ። ከዚህ በላይ አልጻፈችም። 27 እና 28 ቁጥር የሉም፤ አወያዩ አንስቷቸዋል። ሳይነሱ በፊት አይቻቸዋለሁና ደግ አደረገ። 29 ቁጥር እዚህ ፖለቲካ አታምጡ አላት። እኔ ፖለቲካ አላየሁበትም፤ ልጅቷ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።

ከዚያ ክሩ እንደ ልማዱ መንገድ ሳተ። 30 ቁጥር የጋውን ኪራይ ተወደደ አለ። 31 ቁጥር ስቱዲዮዎቹ ቀን እየጠበቁ ነው ዋጋ የሚጨምሩት አለ። 32 ቁጥር ባነር ላይ ፎቶ የማስፋት ነውር መቆም አለበት ብሎ ረጅም ጽፎ ማንም አላነበበለትም። 34 ቁጥር ቨርጂኒያ ያለ አበሻ ነው። ፓርኪንግ እየሠራ፣ በየሴሚስተሩ አንዳንድ ኮርስ እየወሰደ፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ በ40ዎቹ ዕድሜው ዲግሪ ይዟል። የፓርኪንጉ ጠባቂ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ሲያነብ እያየ ዝም የሚለውን ሱፐርቫይዘሩን አመሰገነ። ልጆቹም እሱም በአንድ ጠረጴዛ የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። 35 ቁጥር እዚያ አገር ምረቃ ላይ በግ ይታረዳል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መልሱ አዎ ነው፣ ግን ጓሮ አይደለም።

የመጨረሻዎቹ መልሶች ትናንት ማታ የገቡ ናቸው። 38 ቁጥር አባት ናቸው፤ ከአነጋገራቸው ክር ላይ መጻፍ ያልለመዱ ይመስላሉ። ልጃቸው የመውጫ ፈተናውን 47 አመጣች። ማለፊያው 50 ነው። ባነሩ ታትሟል፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ በጉ ግቢ ታስሯል። ልጅቷ በሯን ዘግታ አልወጣ አለች። ምን ላድርግ ነው ጥያቄያቸው። 39 ቁጥር ውጤት ሳይታይ ባነር የሚያሳትም ማን ነው ብሎ ሲያላግጥ ሌሎቹ ገሰጹት። 40 ቁጥር ፈተናው በድጋሚ እንደሚሰጥ፣ አንዴ መውደቅ ዲግሪውን ለዘለዓለም እንደማያስቀር በእርጋታ አስረዳቸው።

41 ቁጥር ደግሞ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠበት በሐምሌ 2015 የወደቀች ልጅ ናት። በቀጣዩ ዙር፣ በ2016 አጋማሽ፣ ተቀምጣ አልፋለች። አባቷ ያን ሰሞን አንድም ጊዜ ስለ ውጤቱ አላነሱም። በየሳምንቱ የዳታ ፓኬጅ ይሞሉላታል፣ ለምን እንደሆነ አይጠይቁም። እሷ በእሱ የናሙና ጥያቄ እያወረደች ትሠራ ነበር። 38 ቁጥር ይሄን አንብበው የጠየቁት ሌላ ነገር አይደለም። ናሙና ጥያቄው የት ነው የሚገኘው አሉ። 41 ቁጥር የልጃቸው ዲፓርትመንት ምን እንደሆነ ጠይቃ የቴሌግራም ቻናሉን ላከችላቸው። 42 ቁጥር በጉን በደንብ ይቀልቡት ብሏቸዋል።